የቡሬው በርበሬ ማድረቂያ፦ ፓርቶቹን ለሪጅን የመደልደል ሥራ

ነሐሴ መጨረሻ፦ ሥዕሉ

ቡሬ አጠገብ ላለው የአጎቴ የበርበሬ ማሳ የፀሐይ ማድረቂያ እየሠራን ነው። አናጢው ጣውላ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት አየሩ በውስጡ እንዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ማየት ፈልጌያለሁ። ይህ ማስታወሻ ስለ ኮምፒውተሩ ሥራ ነው። በተለይ ብዙ ሰዓት ስለበላው ክፍል፦ ከተሣሉት ፓርቶች (ቁራጮች) የትኛው ሪጅን (ለብቻው የሚሰላ ቦታ) መሆን እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ ጭራሽ ሪጅን መሆን እንደሌለበት።

ማድረቂያ ለምን? እዚህ ዛላው ቀልቶ የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ያኔ ደግሞ ዝናቡ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ሌሊት ጤዛ ያገኘዋል፤ ካፊያም ሊጥልበት ይችላል። እርጥበት ያገኘው ዛላ ይሻግታል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣሉ። መርዙ በማብሰልም በመፍጨትም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ በርበሬው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ተሸፍኖና ሞቅ ያለ አየር እያለፈበት መድረቅ አለበት።

ንድፉ ቀላል ነው። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የሙቀት መሰብሰቢያ፤ ላዩ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ መሃሉ ጥቁር የተቀባ 0.4 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ታቹ 2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ። አየሩ ከላሜራው በላይም በታችም ያልፋል። ከዚያ ሦስት ወንፊት የተደረደረበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከላይ ደግሞ ቁመት ያለው አየር ማውጫ አለ። ፋን የለም። አየሩን የሚስበው ሙቀቱ ራሱ ነው።

የሣልኩት በፍሪካድ ነው። ስጨርስ 14 ፓርት ሆነ፦ መስታወቱ፣ ላሜራው፣ የመሰብሰቢያው ወለልና ሁለት ጎኖቹ፣ የሳጥኑ አራት ግድግዳዎች፣ ጣሪያው፣ ሦስቱ ወንፊቶችና አየር ማውጫው። ስሌቱን የሚሠራው ኦፕን ፎም ነው። ውጤቱን የማየው በፓራቪው ነው። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም አለው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ነገር መሥራት አልችልም፤ ብዙ ውሳኔዎችም የመጡት ከዚሁ ነው።

ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት የተሠራ ሒሳብ። እርጥቡ ዛላ 75 በመቶ ውሃ ነው ብንልና ወደ 10 በመቶ ማድረስ ብንፈልግ፣ ከ25 ኪሎ ዛላ 18 ኪሎ ውሃ መውጣት አለበት። ለአንድ ኪሎ ውሃ 2.4 ሜጋ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በጠቅላላው 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ፀሐይዋ በቀን በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ትሰጣለች። 2 ካሬ ሜትር ካለን፣ ግማሹም ለሥራ ከዋለ፣ ሁለት ቀን ከምናምን ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር 25 ኪሎ። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ሙቀቱ ለሦስቱም ወንፊት እኩል መድረሱን ለማወቅ ነው።

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ፦ ለእያንዳንዱ ፓርት አንድ ሪጅን

መጀመሪያ የተሞከረው ቀጥተኛው መንገድ ነው፦ 14 ፓርት፣ 14 ሪጅን።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ፓርት ማለት ሥዕሉ ላይ ያለ ቁራጭ ነው፤ ቅርጽና ስም አለው። ሪጅን ማለት ግን ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም) አንድ ዓይነት እኩልታ የሚፈታበት ቦታ ነው። አየር ሪጅን ውስጥ የፍሰትና የሙቀት እኩልታ ይፈታል። እንጨት ሪጅን ውስጥ የሙቀት ብቻ። ሁለት ሪጅኖች በሚገናኙበት ገጽ ላይ ኢንተርፌስ አለ፤ በዚያ በኩል ሙቀት ይተላለፋል።

ስታር ሲሲኤም ፕላስ በሚባለው ሌላ የስሌት ሶፍትዌር ይህ ድልደላ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው። ፓርቶቹ ይመረጡና ወደ ሪጅን ይመደባሉ። ለሁሉም አንድ ሪጅን ወይም ለእያንዳንዱ የየራሱ ሪጅን የሚል ምርጫ አለ። አንድ ፓርት ሁለት ሪጅን ውስጥ አይገባም። ፓርቶቹ የሚነካኩበት ገጽ ኮንታክት ሆኖ ከተመዘገበ ኢንተርፌስ ሆኖ ይወጣል። ኦፕን ፎም ላይ እንዲህ ያለ መስኮት የለም። መጀመሪያ ጠቅላላው ቦታ ስናፒ ሄክስ ሜሽ በሚባለው ትእዛዝ ሜሽ ይደረጋል፤ ማለትም ሴል በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል። ሴሎቹ በየፓርቱ ሴል ዞን (በአንድ ስም የተሰበሰቡ ሴሎች) ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ስፕሊት ሜሽ ሪጅንስ የሚባለው ትእዛዝ በዞኖቹ መሠረት ሜሹን ይከፋፍለዋል። በመጨረሻ የትኛው ሪጅን ፈሳሽ፣ የትኛው ጠጣር እንደሆነ ሪጅን ፕሮፐርቲስ በሚባለው ፋይል ውስጥ ይጻፋል። መንገዱ ረዘም ቢልም ውሳኔው ያው ነው።

ከሜሹ በፊት ፋይሎቹ ራሳቸው ጊዜ ወሰዱ። ፍሪካድ ኤስቲኤል የሚባለውን የቅርጽ ፋይል የሚያወጣው በሚሊ ሜትር ነው፤ ኦፕን ፎም የሚያነበው በሜትር። ካልተቀየረ 2 ሜትሩ መሰብሰቢያ 2,000 ሜትር ይሆናል። ቼክ ሜሽ የሚባለው ትእዛዝ የጠቅላላውን ቅርጽ ስፋት ስለሚያሳይ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን አያለሁ። ሁለተኛ፣ ባይነሪ ኤስቲኤል የገጾቹን ስም አይዝም። አስኪ (ተራ ጽሑፍ) ሆኖ ከወጣ ግን ስሙ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ማስተካከልም ይቻላል። ሦስተኛ፣ ውስጡ ዞን እንዲሆን የሚፈለገው ቅርጽ ሁሉ የተዘጋ መሆን አለበት። ሰርፌስ ቼክ የሚባለው ትእዛዝ ክፍት ጠርዝ ካለ ይናገራል። አየር ማውጫው ላይ ክፍት ጠርዝ ተገኘ፤ ፍሪካድ ላይ ተመልሶ ተዘጋ።

ሜሹ ወጣ። ተከፋፈለ። የሪጅኖቹ ዝርዝር ውስጥ ግን እኔ ያልሰየምኩት ዶሜይን ዜሮ የሚል ስም አለ። ትልቅ ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። ፓራቪው ላይ ከፍቼ ሳየው አየሩ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አሥራ አራቱ ፓርቶች ሁሉም አናጢውና ብረት ሠራተኛው የሚቆርጧቸው ነገሮች ናቸው። አየሩን ማንም አይቆርጠውም፤ ስለዚህ ሥዕሉ ላይ የለም። ጥያቄዬ ግን ስለ አየሩ ነው። ኦፕን ፎም ዞን ያላገኘውን ሴል ሁሉ ሰብስቦ በራሱ ስም ይጠራዋል እንጂ አይጥለውም፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን አየሩ ትርፍራፊ መሆን የለበትም። ፍሪካድ ላይ ተመልሼ ሳጥኑን የሚሞላ አንድ ወጥ ቅርጽ ሣልኩ። ከሱ ላይ ጠጣሮቹን በቡሊያን (ቅርጽን ከቅርጽ በሚቀንሰው ትእዛዝ) ቀነስኩ። የቀረው አየር የሚል ስም ያለው አስራ አምስተኛ ፓርት ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ከዶሜይን ዜሮ በተጨማሪ ጥቂት ሴል ብቻ ያላቸው ብዙ ትንንሽ ዶሜይኖች ነበሩ። መስታወቱ ከጣውላው ጋር በሚገጥምበት ጥግ ላይ ናቸው። ሁለቱ ቅርጾች ሲሣሉ በትክክል አልተነካኩም፤ አንዱ ጋ ክፍተት፣ አንዱ ጋ መደራረብ አለ። ፍርፋሪዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። ትንሽ ናቸው ብሎ ማለፍ አይቻልም። እያንዳንዱ ሪጅን የየራሱ የሶልቨር ፋይልና የየራሱ ባውንደሪ (በዳሩ ላይ የሚሆነውን የሚገልጽ ደንብ) ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ስሌቱ አይነሳም። መፍትሔው ሥዕሉ ላይ ነው፦ የጋራ ገጽ ያላቸው ቅርጾች አንዱ ከሌላው ተቀንሶ መሠራት አለባቸው።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ላሜራው የት ሄደ?

የሚቀጥለው ችግር ከሁሉም የበለጠ አስተምሮኛል። ላሜራው ሪጅን ሆኖ አልወጣም። ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ የለም። ፓራቪው ላይም መሃሉ ባዶ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው አየር ተቀላቅለዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሴሉ 1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ላሜራው 0.4 ሚሊ ሜትር። አንድም ሴል መሃሉ ላሜራው ውስጥ አይወድቅም። እንዲወድቅ ከተፈለገ በውፍረቱ ቢያንስ ሁለት ሴል ያስፈልጋል፤ ማለትም 0.2 ሚሊ ሜትር። በዚያ መጠን 2 ሜትር በ1 ሜትሩን ለመሸፈን ለላሜራው ብቻ 100 ሚሊዮን ሴል ያስፈልጋል። በ8 ጊጋ ራም የማይታሰብ ነው።

ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ላሜራው ሪጅን መሆን አለበት ወይ? ሪጅን የሚያስፈልገው ውስጡ የሙቀት ልዩነት ካለ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቁራጭ የሙቀት መቋቋም አሰላሁ፤ ውፍረቱ ለሙቀት ማስተላለፊያው ቁጥር ሲካፈል ማለት ነው።

ለላሜራው 0.0004 ሲካፈል ለ50፤ 0.000008 ይሆናል። ለመስታወቱ 0.004 ሲካፈል ለ1፤ 0.004። ለጣውላው 0.02 ሲካፈል ለ0.15፤ 0.13 ገደማ። ማነጻጸሪያው ደግሞ ገጹ ላይ ያለው አየር ነው። በተፈጥሮ በሚንቀሳቀስ አየር የሙቀት መተላለፊያው ቁጥር 10 ገደማ ከሆነ የአየሩ መቋቋም 0.1 ነው።

እንግዲህ ይታይ። የላሜራው መቋቋም ከአየሩ ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም። ላዩና ታቹ አንድ ዓይነት ሙቀት አላቸው። የመስታወቱም ከአየሩ አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። ጣውላው ግን ከአየሩ ይበልጣል፤ እውነተኛ ሥራ ይሠራል። በሥዕሉ ላይ ሦስቱም እኩል ፓርት ናቸው። በስሌቱ ውስጥ ግን እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ላሜራው ባፍል ሆነ። ውፍረት የሌለው ገጽ ነው፤ አየሩን ላይና ታች ይለየዋል። የሙቀት ባፍል የሚባለው ባውንደሪ ውፍረቱንና ማስተላለፊያ ቁጥሩን በጽሑፍ ይቀበላል፤ ሜሽ አይፈልግም። ደግነቱ የፀሐይዋንም ሙቀት እዚያው ላይ መጻፍ ይቻላል። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ 900 ዋት በካሬ ሜትር ብዬ ያዝኩ። መስታወቱ 85 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ ጥቁሩ ቀለም ከዚያ 90 በመቶውን ቢውጥ፣ 690 ዋት ገደማ ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው አየር በሁለቱም ጫፍ ስለሚገናኙ አንድ ሪጅን ናቸው። ሁለት የአየር መንገድ ስላለ ሁለት ሪጅን ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ግን አያስፈልግም።

መስታወቱም ከሪጅንነት ወጣ። የአየሩ ውጫዊ ግድግዳ ሆነ። የውጭ ግድግዳ የሙቀት ባውንደሪው የውጭውን አየር ሙቀት፣ የነፋሱን ቁጥር፣ የመስታወቱን ውፍረትና ማስተላለፊያ ቁጥር ይቀበላል። በቃ።

ጣውላው ላይ ትንሽ አሰብኩ። እሱም በተመሳሳይ መንገድ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ረግቶ ያለውን ሁኔታ ብቻ ከሆነ የምናየው፣ ግድግዳው ይበቃል። ግን ጣውላ ሙቀት ይይዛል። 2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ እስኪሞቅ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማድረቂያው ለምን ቶሎ እንደማይነሳ ለማወቅ ጣውላው ሪጅን መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት ሞዴል ያዝኩ። አንዱ አየር ብቻ፣ ለእኩለ ቀን። ሌላው አየርና ጣውላ፣ ለጠዋት።

የጣውላው ሪጅን የራሱ ጣጣ አለው። የሳጥኑ ግድግዳዎችና የመሰብሰቢያው ወለል ሁሉም እርስ በርስ የሚነካኩ አይደሉም። ስፕሊት ሜሽ ሪጅንስ በተለመደው አማራጭ ከሴል ወደ ሴል እየተራመደ ነው የሚቆጥረው፤ ያልተገናኘውን የተለየ ሪጅን ያደርገዋል። ዞኑን ብቻ ተከተል የሚል ሌላ አማራጭ አለ። በሱ ከሆነ የተነጣጠሉ ቁራጮች በአንድ ስም አንድ ሪጅን ሆነው ይቀራሉ። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ እያንዳንዱ ሴል በአንድ ዞን፣ በአንድ ብቻ፣ ውስጥ መሆን አለበት። አየሩን በስሙ ዞን ያደረግኩት እዚህ ላይ ጠቀመኝ።

ከ15 ፓርት ወደ 2 ሪጅን። ሳጥኑ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ መሃሉን በሲሜትሪ ቆርጬ ግማሹን ብቻ ነው የማሰላው። ላፕቶፑ ይህን ይችላል።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ወንፊቱ ግድግዳ ሆነ

ወንፊቶቹ ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት። አየሩ በዛላዎቹ መሃል ያልፋል። እያንዳንዱን ዛላ መሣል አይቻልም። የሚደረገው ቦታውን ፖረስ ማድረግ ነው፤ አየሩ ያልፋል፣ ግን እየተቃወመው።

ለሦስቱ ወንፊቶች ሴል ዞን ሰጥቼ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስሌቱ በደንብ ሄደ። ውጤቱ ግን እንግዳ ነው። አየሩ ከመሰብሰቢያው ይወጣል፣ ከታችኛው ወንፊት ሥር ይደርሳል፣ እዚያ ይቆማል። አየር ማውጫው ላይ ምንም ፍሰት የለም። ፖረስ ቁጥሮቹን አሥር ጊዜ ብቀንስም ለውጥ የለም።

ነገሩ ቁጥሩ ላይ አልነበረም። ስፕሊት ሜሽ ሪጅንስ ያገኘውን ዞን ሁሉ ሪጅን ያደርጋል። ወንፊቶቹም ዞን ስላላቸው የተለየ ሪጅን ሆኑ። በሪጅኖች መካከል የሚፈጠረው ገጽ ደግሞ ግድግዳ ነው፤ ሙቀት ያሳልፋል፣ አየር አያሳልፍም። አየሩ የቆመው እውነተኛ ግድግዳ ገጥሞት ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። መጀመሪያ ይከፈላል፤ አየሩ አንድ ወጥ ሪጅን ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በአየር ሪጅኑ ውስጥ ቶፖ ሴት በሚባለው ትእዛዝ በሳጥን ቅርጽ ልክ ሴሎች ይመረጡና የወንፊት ዞን ይሆናሉ። የሴሉ መሃል ሳጥኑ ውስጥ ከወደቀ ሴሉ ይገባል። ወንፊቱ ሪጅን ሳይሆን በሪጅን ውስጥ ያለ ዞን ሆነ። በሌሎች ሶፍትዌሮች ፖረስ የሪጅን ዓይነት ሆኖ ይመጣል፤ ስታር ሲሲኤም ፕላስ ላይ እንደዚያ ነው፤ በመሃሉ ያለው ኢንተርፌስም አየር ያሳልፋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው ይህን ልብ ይበል።

የፖረስ ቁጥሮቹን ከኤርገን እኩልታ ወሰድኩ፤ በክምር መሃል የሚያልፍ አየር የሚገጥመውን ተቃውሞ የሚሰጥ ነው። ባዶ ቦታውን 60 በመቶ፣ የዛላውን አማካይ መጠን 2 ሳንቲ ሜትር ብዬ ያዝኩ። ዛላ ኳስ አይደለም፤ እኩልታው ለጥራጥሬ መሰል ነገር ነው። ለመነሻ ግን ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኦፕን ፎም የፎርችሃይመርን ቁጥር (ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የሚያድገውን ተቃውሞ) በሁለት አካፍሎ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ በኤርገን እኩልታ 1.75 የነበረው 3.5 ሆኖ መግባት አለበት።

ሌላ ከቦታው ጋር የተያያዘ ማስተካከያ። አብዛኞቹ የምሳሌ ፋይሎች የአየሩን ግፊት 100,000 ፓስካል ያደርጋሉ። ያ የባሕር ጠለል አካባቢ ግፊት ነው። ቡሬ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ግፊቱ 79,000 ፓስካል ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ የአየሩ ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 0.92 ኪሎ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1.18 ይሆን ነበር። ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። በሙቀት ብቻ ለሚሳብ አየር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የ2 ሜትር ከፍታ ያለው 50 ዲግሪ የደረሰ አየር የሚፈጥረው ስበት 1.4 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛ መሳት አይገባም።

መብራት ስለሚጠፋ ስሌቱ በየጊዜው እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ። ከመጨረሻው ጊዜ ጀምር የሚለው አማራጭ ሁልጊዜ በርቷል። ዲስኩ እንዳይሞላ ፐርጅ ራይት አሮጌዎቹን ይሰርዛል፤ ግን አንድ ብቻ ማስቀረት ደግ አይደለም። እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ያ ፋይል ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ላሜራው በጣም ጋለ

ስሌቱ ረጋ። አየሩ ይሄዳል፣ ሦስቱ ወንፊቶች ሙቀት ያገኛሉ። ላሜራው ግን ከሚጠበቀው በላይ ይግላል። የጎደለው ጨረር ነው። 90 ዲግሪ የደረሰ ጥቁር ላሜራ 40 ዲግሪ ላለው መስታወት በጨረር ብቻ በካሬ ሜትር 360 ዋት ገደማ ይሰጣል። ከፀሐይ ካገኘው 690 ዋት ግማሽ በላይ ነው። በአየር ሪጅኑ ላይ የጨረር ሞዴሉ ተጨመረ። ስሌቱ በጣም ዘገየ፤ የላሜራው ሙቀት ግን ወረደ። በርበሬው ጋ የሚደርሰው አየር ከ60 ዲግሪ በታች ነው። ከዚያ በላይ ቢሆን ዛላው ይጠቁራል፤ ገበያ ላይም ዋጋ ያጣል።

ኅዳር መግቢያ፦ ሳጥኑ ቆመ

አናጢው ጨርሷል። መስታወቱ ከሁሉም የከበደ ወጪ ሆነ፤ ከባሕር ዳር እስከ ቡሬ ሳይሰበር ማምጣቱም ሌላ ጭንቀት ነበር። በየወንፊቱ መሃልና ጥግ ዲኤስ 18 ቢ 20 የሚባሉትን ዲጂታል ቴርሞ ሜትሮች አስገባሁ። ስህተታቸው ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። አርዱይኖ የሚባል አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያነብባቸዋል።

ሞዴሉ የወንፊቱ መሃልና ዳር እኩል ይሞቃሉ ይላል። ቴርሞ ሜትሮቹ አይሉም። ዳሩ ይሞቃል፣ መሃሉ ይቀዘቅዛል። ሦስቱም ላይ እንዲሁ ነው።

አጎቴ ቴርሞ ሜትር አላየም። ወንፊቱን ስቦ ዛላውን በእጁ አገላበጠ።

«ዳር ዳሩ ደርቋል፤ መሃሉ ገና ነው» አለኝ። «አየሩ በጎን እያመለጠ ነው።»

«ጋሼ፣ በየት በኩል?»

እጁን ወንፊቱና ግድግዳው መሃል አስገባ። አራት ጣቱ በቀላሉ ገባ። ሞቅ ያለ አየር ይወጣል።

አናጢውን ጠየቅነው። ሆን ብሎ የተወው ነው። ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ክፍተት ካልተተወ ወንፊቱ ይቀረቀራል። ልክ ነው። በዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተትቷል። ሥዕሉ ላይ ግን ወንፊቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። ክፍተት ፓርት አይደለም፤ ስም የለውም፤ ማንም አይሥለውም። አየሩ ግን ስም አይጠይቅም፤ የቀለለውን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

ሞዴሉ ላይ ማስገባቱ ቀላል ሆነ። ወንፊቶቹ ሪጅን ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ሥዕሉን፣ ሜሹንና ክፍፍሉን ሁሉ እንደገና መሥራት ነበረብኝ። አሁን ግን ዞን ብቻ ናቸው። ቶፖ ሴት ላይ የሳጥኑን ልክ ከየዳሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቀነስኩ። ክፍተቱ ውስጥ በቂ ሴል እንዲኖር ዳር ዳሩን ወደ 5 ሚሊ ሜትር አጠራሁ። ክፍተቱ የአየሩ ሪጅን አካል ሆኖ ቀረ።

ውጤቱ የቴርሞ ሜትሮቹን ይመስላል። ከአየሩ ሩብ ያህሉ በርበሬውን ሳይነካ በክፍተቱ ያልፋል። በዛላው ላይ ያለው ግፊት ከፓስካል መቶኛ ጥቂት እጅ ነው፤ እንዲህ ላለች ትንሽ ግፊት 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሰፊ በር ነው።

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን፦ ላስቲኩ

ክፍተቱን በጣውላ መዝጋት አይቻልም፤ አናጢው የተናገረው እውነት ነው። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ቆርጠን በወንፊቱ ዙሪያ በሚስማር መታን። ላስቲኩ ግድግዳውን ይነካል፤ ወንፊቱ ሲሳብ ይታጠፋል። ወጪው እንደ ምንም ነው።

ሞዴሉ ላይ ላስቲኩ ባፍል ነው። እንደ ላሜራው ውፍረት የሌለው ገጽ። ሙቀት ያሳልፍ አያሳልፍ ለውጥ ስለማያመጣ ተራ ግድግዳ አድርጌዋለሁ። የመሃሉና የዳሩ ልዩነት በሞዴሉም በቴርሞ ሜትሮቹም ጠቧል። የታችኛው ወንፊት አሁንም ከላይኛው ቀድሞ ይደርቃል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ደረቅ አየር ነው። አጎቴ በየማታው ወንፊቶቹን ቦታ እያቀያየረ ነው።

የሚቀጥለው ሥራ ውሃው ነው። እስካሁን ሞዴሉ በርበሬውን እንደ ደረቅ ነገር ነው የሚያየው። ውሃው ሲተን የሚወስደው ሙቀት ወንፊቱ ዞን ላይ በኃይል ቅነሳ መልክ መግባት አለበት። 25 ኪሎው በሁለት ቀን ተኩል ይደርቃል ካልን፣ ቅነሳው በፀሐይ ሰዓት በአማካይ ስድስት ወይም ሰባት መቶ ዋት ይሆናል። ለሦስቱ ወንፊት እኩል ላካፍለው ወይስ ለታችኛው ላብዛ የሚለውን የምወስነው ወንፊቶቹን ጠዋትና ማታ በሚዛን ከመዘንን በኋላ ነው። ሚዛኑን ከጎረቤት ተውሰናል።

ከዚያ ቀጥሎ የጠዋቱ ሞዴል አለ፤ አየርና ጣውላ፣ ሁለት ሪጅን። ሜሹ ተዘጋጅቷል። መብራት ካልሄደ ሌሊቱን ይሠራል።